ነጩ አንሶላ

ክሊዮና የሻይ ስኒዋን አስቀመጠች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ከዚያም ከዛሬ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንሥቶ እስከ ነገ ጠዋት ድረስ በዚህ ቤት ውስጥ ማንም ሰው ገላውን እንዳይታጠብ፣ ዕቃ እንዳያጥብ፣ እንዳያልበው፣ ሰው እንዳያቅፍና እንዳያለቅስ በይፋ አስታወቀች። አዋጁን የሰሙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እናቷ ኖይሊንና አባቷ ዶናል። ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀምጠው የተጠበሰ ዳቦ ላይ ቅቤ ይቀባሉ። ዶናል ቢላዋውን እንደያዘ ቀና አለ።

«ማስነጠስስ?»

«ፊትህን ሳትነካ ከሆነ ይፈቀዳል።»

«ማሰብስ?»

«ላብ እስካላመጣብህ።»

ቅዳሜ የክሊዮና ሰርግ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጃኪንታ የምትባለዋ ባለሙያ ድንኳኗንና መርጫ ማሽኗን ይዛ መጥታ ገላቸው ላይ ቀለም እየረጨች ሦስቱንም ጠይም ታደርጋቸዋለች። በኮርክ ከተማ፣ በተለይ በሰሜኑ ዳገት፣ ቅዳሜ ሰርግ ያለው ቤተ ዘመድ ሐሙስ ይረጫል፤ እንደ ወተት ነጥቶ ለፎቶ የሚቆም ሰው ወይ ሰርጉን የናቀ ነው ወይ ሳይጠራ የመጣ። ክሊዮና ግን በዚህ ጉዳይ ከሌላው ሙሽራ ሁሉ ትከፋለች። አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከተማ፣ የቆዳ ነቀርሳ በሚቆረጥበት ክፍል ነርስ ናት፤ ፀሐይ የበላው ጆሮና አፍንጫ ሲቆረጥ ስታይ ነው የምትውለው። ስለዚህ ፀሐይ መሞቅ የለም፣ ቆዳ በሚያጠይም የመብራት ሣጥን ውስጥ ገብቶ መጠበስ ጭራሽ አይታሰብም፤ ርጭት ብቻ፣ እሱም በሥርዓቱ። ጃኪንታ ትናንት ጠዋት መጥታ ከሦስቱም ጆሮ ጀርባ ጠብታ ቀለም ነክታ የሄደችው በእሷ ትእዛዝ ነው። ቆዳው ቢያብጥ ወይም ቢያሳክክ ርጭቱ ይቀራል። አላሳከከም። ዶናል ሲያክ የታየው ከልማድ ነው። ክሊዮና ራሷ ደግሞ ከመጣች ወዲህ የሠፈሩ መነጋገሪያ ሆናለች። የአጥር ጎረቤታቸው ብሪዳ ገና ከታክሲ ስትወርድ አይታ፣ «አራት ዓመት አውስትራሊያ ኖረሽ ይሄን መስለሽ መጣሽ? ምድር ቤት ነው እንዴ ያስቀመጡሽ?» ብላታለች።

ነገሩን ከሥሩ ለመናገር፣ ዶናል እዚህ ቤት አይኖርም። ካለፈው ዓመት ፋሲካ ጀምሮ ከወንዙ ማዶ፣ ከተዘጋ የጫማ መጠገኛ ሱቅ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ይኖራል። ሌላ ሴት የለችም። ሌላ ሴት ብትኖር ኖይሊን ቢያንስ የምትረግማት ታገኝ ነበር። ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ሲወጣ፣ «ጸጥታ ፈለግሁ፣ ኖይሊን» አላት፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። እሷም ሳምንቱን ሙሉ አፏን ዘግታ ጸጥታ ሰጠችው። የፈለገው ዓይነት ጸጥታ አልነበረም መሰል፣ ሄደ። ለክሊዮና አልተነገራትም። መጀመሪያ «በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም» ተባባሉ፤ ኋላ «ሰርጉ ይለፍ» ተባባሉ። በትዳር ዘመናቸው በአንድ ጉዳይ ይህን ያህል ተስማምተው አያውቁም።

በየእሑዱ ጠዋት ዶናል ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ ይመጣል። ስልኩ በስኳር ዕቃው ተደግፎ ይቆማል፣ ሁለቱ ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ፣ ክሊዮና ከፐርዝ ብቅ ትላለች። ስለ አየሩ ይወራል፤ ስለ ሞቱ ሰዎች ይወራል። የስልኩ መስኮት ጠባብ ስለሆነ ትከሻ ለትከሻ ካልተጠጋጉ ሁለቱም አይታዩም። የኖይሊን የወንድም ልጅ አንድ ጊዜ ሰፊ ታብሌት ሊሰጣት አምጥቶ ነበር፤ «ዓይኔን ያመኛል» ብላ መለሰችው። ጥሪው ሲያበቃ ዶናል ሻዩን ይጨርሳል፣ ስኒውን ያጥባል፣ ቆቡን ያደርጋል፣ ይሄዳል። ለኖይሊን ሳምንቱ የሚጀምረው እሑድ ነው፤ የሚያልቀውም እዚያው ስኒው ሲታጠብ።

ክሊዮና ማክሰኞ ከገባች ወዲህ ደግሞ ሌላ ዘዴ ተበጅቷል። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው እንቅልፉ ይዛባልና ክሊዮና በጊዜ ትተኛለች። እሷ ስትተኛ ዶናል በጓሮ በር ይወጣል፤ ሲነጋጋ ጋዜጣና ዳቦ ታቅፎ፣ ሱቅ ደርሶ የመጣ አባወራ መስሎ በዋናው በር ይገባል። «ወይ ወረፋ!» ይላል ከታች ሆኖ፣ ፎቅ እንዲሰማ። በዚያ ሰዓት ሱቁ ውስጥ ከባለቤቱ በቀር ሰው የለም።

ዛሬ ማታ ግን ሌላ ነው። ጃኪንታ ትናንት ጠብታውን ስትነካ ያለችውን ኖይሊን ከያኔው ጀምራ በልቧ ታገላብጠዋለች፤ «ከተረጫችሁ በኋላ ውሃ ጠላታችሁ ነው። ዝናብ የነካው ሰው እንደ ሜዳ አህያ ይዥጎረጎራል።» ሬዲዮው ደግሞ ለሐሙስ ማታ ዝናብ ብሏል። የሙሽራ አባት እንደ ሜዳ አህያ ተዥጎርጉሮ ልጁን ወደ መሠዊያው ሊወስድ አይችልም። ዝናብ ከዘነበ ዶናል የሚያድረው እዚህ ነው። ሶፋው ላይ ቢያድር ክሊዮና ታየዋለች፤ ትንሿ ክፍል በክሊዮናና በቬሎዋ ተይዛለች። የቀረው አንድ አልጋ ነው።

ልብስ ልታሰጣ ጓሮ ስትወጣ ብሪዳ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ሕፃኑን አውጥተሽዋል?»

ሕፃኑ ቀይ ካባ የለበሰው፣ ዘውድ የደፋው የፕራጉ ሕፃን ኢየሱስ ምስል ነው። ሰርግ ያለበት ቤት አውጥቶ ከቁጥቋጦው ሥር ካላሳደረው ዝናብ ሙሽራዪቱን ያበሰብሳታል። የኖይሊን ምስል ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ አንገቱ ተሰብሮ የተለጠፈ። እንዲህ ያለው ጸሎት ይበልጥ ይሰማል ይባላል።

«ነገ አወጣዋለሁ» አለች ኖይሊን።

«ነገ? ሬዲዮ አትሰሚም? እኔ ለልጄ ለማሪታ ሰርግ በዋዜማው ዋዜማ ነው ያወጣሁት። ቄሱን ሳይቀር ነው ፀሐይ የጠበሰው!»

«ይበርደዋል።»

«ሸክላ ነው እኮ፣ አንቺ ሴት!»

ኖይሊን የልብስ መቆንጠጫውን በጥርሷ ነክሳ የቀረውን ልብስ አሰጣች። ወደ ቤት ስትገባ ምስሉ ደረጃው ሥር ካለው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከመጥረጊያው ጎን ቆሟል። በሩን ገርበብ አድርጋ አየችው። የሙሽራ እናት ሆና ዝናብ የምትለምን ሴት በዚህ ዳገት ላይ ከዚህ በፊት ተገኝታ እንደሆነ አታውቅም። «አንድ ሌሊት ብቻ» አለችውና በሩን ዘጋችው።

ጃኪንታ በሰዓቷ መጣች፤ ራሷ ዓመት እስከ ዓመት የዳቦ ቅርፊት የመሰለች፣ ወሬዋ ከማሽኗ የማይለይ ሴት። ሳሎኑ ውስጥ ጥቁር ድንኳን ተከለች፣ ክሊዮና ሁለቱንም መስኮት ከፈተች። ጃኪንታ ጥያቄዋን ታወርዳለች፤ ትናንት ማታ ገላችሁን ፈትጋችኋል? ሽቶ የተቀባ አለ? ክሬም? የብብት ሽታ ማጥፊያ? የቆሰለ፣ የተላጠ፣ በቅርብ የተሰፋ ገላ ያለው ይናገር። ከንፈር ላይ ቅባት፤ መዳፍ፣ ጥፍርና ክርን ላይ ወፍራም ክሬም፣ ቀለሙን እንዳይጠጡ። አፍንጫ ውስጥ ትንንሽ የስፖንጅ ማጣሪያ፣ ዓይን ላይ መሸፈኛ። «ስረጭ አትተንፍሱ። ይሄ ነገር ቆዳ ላይ እንጂ ሳንባ ውስጥ ሰርግ የለውም።» ኖይሊን ቀድማ ገባች፤ የወረቀት የውስጥ ሱሪ ለብሳ፣ በስፖንጁ ምክንያት በአፏ እየተነፈሰች። ጃኪንታ «ክንድሽን ዘርጊ፣ ዙሪ፣ አገጭሽን ቀና» ትላለች፤ ቀዝቃዛው ጉም ትከሻዋ ላይ፣ ወገቧ ላይ፣ ከጉልበቷ ጀርባ ያርፋል። ገላዋን እንዲህ ቁራጭ ሳያስቀር ሰው ካየው ቆይቷል። መሸፈኛው ሥር ዓይኗን ጨፍና ጃኪንታ ቶሎ እንዳትጨርስ ተመኘች።

ዶናል ተራው ሲደርስ በጉርድ ሱሪ ሆኖ እንደ ተራ ጠባቂ ወታደር ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ጃኪንታ መርጫውን አንሥታ መለሰችው።

«ይሄስ?»

ከግራ ትከሻው ዝቅ ብሎ አንድ ጣት የሚያህል ጠባሳ አለ፤ ሮዝ፣ ገና የሚያብረቀርቅ። ክሊዮና ከሶፋው ተነሥታ መጣች። በእጇ አልነካችውም፣ ግን ፊቷን አስጠግታ የሥራ ቦታ ፊቷን ይዛ አየችው።

«መቼ ተቆረጠ?»

ኖይሊን በጥቁር ካባዋ እንደተጠቀለለች ነበር። ሚስት ናትና መልስ የእሷ ነው። «በገና ሰሞን» አለች። ዶናልም በዚያችው ቅጽበት፣ «ግንቦት ላይ» አለ።

ማሽኑ ብቻ ያጉረመርማል። ክሊዮና እናቷን አየች፣ አባቷን አየች፣ ከቦርሳዋ ፕላስተር አውጥታ ጠባሳው ላይ በጥንቃቄ ለጠፈች። «ገና ነው፤ ቀለም አይንካው» አለች ለጃኪንታ። ተራዋ ሲደርስ ከሁሉም ረጅም ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ የቆየችው እሷ ናት፤ ሙሽራ ሁለት ዙር ይረጫል። ጃኪንታ ዕቃዋን ሰብስባ ደጃፉ ላይ የመጨረሻውን ማስጠንቀቂያ ሰጠች፤ ሰፊና ጥቁር ልብስ፣ እስከ ነገ ውሃ የለም፣ ይሄ ቀለም ፀሐይ አይከላከልምና ቅዳሜ ክሬማችሁን እንዳትረሱ። «አልጋችሁ ላይ ደግሞ ያረጀ፣ ጥቁር አንሶላ አንጥፉ። የተኛችሁበት ሁሉ ያትማል። ነጭ አንሶላ ነገረኛ ነው፣ የኔ እመቤት፤ ያየውን ሁሉ ይናገራል።»

ክሊዮና ለእጮኛዋ ልትደውል ፎቅ ስትወጣ ኖይሊንና ዶናል ወጥ ቤት ውስጥ ቀሩ። ሁለቱም መቀመጥ ፈርተው ቆመዋል፤ ክንዳቸውን ከገላቸው አራርቀው፣ ለመብረር እንደሚዘጋጁ ዶሮዎች። ቀለሙ ገና እየወጣ ስለሆነ የዶናል ፊት ከአንገቱ ይቀድማል።

«ማን ወሰደህ?» አለች ኖይሊን።

«ወዴት?»

«ሆስፒታል።»

«አውቶቡስ።»

«ማንስ መለሰህ?»

«እሱው አውቶቡስ። ሾፌሩን አውቀዋለሁ።» ቆይቶ፣ «ትንሽ ነገር ናት። ቆርጠው ጣሏት፣ አለቀ» አላት።

ግንቦትን አስታወሰች። ግንቦት ላይ ሁለት እሑድ ሶፋው ላይ ሳይደገፍ፣ ቀጥ ብሎ ጫፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ለመሄድ የቸኮለ መስሏት ስኒውን ሳይጨርስ ነበር የተቀበለችው። አሁን የምትለው ብዙ ነገር ነበር፤ ግን ሁሉም እንባ ያለበት ሆነባት፣ እንባ ደግሞ እስከ ነገ ጠዋት ተከልክሏል። ጣሪያውን እያየች ዓይኗን አርገበገበች። ዶናልም ጣሪያውን አየ፤ የሚያፈስ መስሎት ይሆናል።

እራት ቀዝቃዛ ሥጋና ድንች ነበር፣ የሚያልብ ነገር ስለማይበላ። ሶፋው ላይ የቆሻሻ ፌስታል ተነጠፈ፤ ሦስቱም ጥቁር ለብሰው ጥቁር ላይ ተቀምጠው ሻይ በቀሰም ጠጡ። የሻንዶን ቤተ ክርስቲያን ደወል ሰዓቱን መታ። አራቱ ፊቱ አራት የተለያየ ሰዓት የሚያሳይ ግንብ ስለሆነ በዚህ ከተማ ማንም አያምነውም፣ ግን ሁሉም ቀና ብሎ ያየዋል። «የየትኛው ዘመድ ለቅሶ ላይ ነን?» አለች ክሊዮና። ዶናል ሳቀ፤ ኖይሊንም ሳቀች፤ ፌስታሉ ከሥራቸው ተንሿሿ። ለአፍታ ያህል የዱሮው ቤት ነበር። ከዚያ መስኮቱ ላይ ጠብ፣ ጠብ የሚል ተሰማ። ዶናል አንገቱን አዙሮ ውጭውን አየ። «ሕፃኑን አላወጣችሁትም እንዴ?»

«ነገ» አለች ኖይሊን።

ክሊዮና ከማንም በፊት ተነሣች። ማቀፍ ስለማይቻል ለሁለቱም ከሩቅ በአየር ላይ ሳመቻቸው። ደረጃው ላይ ስትደርስ ዞር ብላ ሁለቱን ጎን ለጎን ትንሽ አየቻቸው፤ «ደኅና እደሩ» ብላ ወጣች።

«አንቺም ፎቅ ውጪ፣ መብራቱን አጠፋፍቼ እመጣለሁ» አለ ዶናል።

እመጣለሁ አለ። ኖይሊን ያችን ቃል ሙሉ ብርጭቆ እንደያዘ ሰው ሳታንጠባጥብ ደረጃውን ወጣች። አልጋው ላይ ጃኪንታ ባለችው መሠረት ጥቁር ሰማያዊ አሮጌ አንሶላ ከእራት በፊት አንጥፋለች። ቆማ አየችው፤ የሆስፒታል ይመስላል። ገፈፈችው። ከሣጥኑ ሥር፣ አማቷ ለሰርጓ የሰጠቻትን ነጭ የበፍታ አንሶላ አወጣች፤ ዳር ዳሩ በእጅ የተጠለፈ፣ ከክሊዮና ክርስትና ወዲህ አልጋ ያላየ። እያወቀች ነው ያነጠፈችው። ይበላሽ። የተጣጠፈበት መስመር በጣቷ ቢዳሰስ አልጠፋ አለ። ግራዋን ይዛ፣ ቀኙን ትታ ተኛች። ዝናቡ ጣሪያው ላይ ደርቶ ይወርዳል። ከታች መብራቱ አንድ በአንድ ሲጠፋ ከደረጃው ግድግዳ ላይ ታያለች። ከዚያ የቁም ሣጥኑ በር፣ ደረጃው ሥር ያለው፣ ሲጢጥ አለ።

ስትነቃ ክፍሉ በፀሐይ ተሞልቷል። መጀመሪያ ክርኗን ተደግፋ በመስኮቱ ቁልቁል ጓሮውን አየች፤ ከቁጥቋጦው ሥር፣ ሕፃኑ ቀይ ካባውን ለብሶ እጁን ለበረከት አንሥቶ ቆሟል። ዝናቡ ካባውን አጥቦለታል። ከሱ ወዲያ ሰማዩ አንዲት ደመና የለውም። ማን እንዳወጣው መጠየቅ አያስፈልግም፤ እያወጣው ሄዷል፣ ወይም እየሄደ አውጥቶታል።

ክሊዮና ሁለት ስኒ ሻይ ይዛ በሩን በክርኗ ገፋች። እንዳማረ የስንዴ ዳቦ እኩል ጠይማለች። ኖይሊን ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችው።

«አባትሽ ጋዜጣ ሊገዛ…»

«ቀለምሽን ልይ፣ እማ። እግርሽ ካልያዘ ጃኪንታን ቶሎ እንጥራት።» ስኒዎቹን አስቀምጣ፣ በነርስ እጅ፣ ሳትጠይቅ ብርድ ልብሱን ገለጠችው።

በግራ በኩል የኖይሊን ገላ ሙሉውን ታትሟል፤ ትከሻዋ፣ ዳሌዋ፣ ተረከዟ ሳይቀር፣ ቡናማ ሆኖ። በቀኝ በኩል አንሶላው እንደ በረዶ ነጭ ነው፣ የመታጠፊያው መስመር እንኳ ከእነጥራቱ አለ። ከግራው ወደ ቀኙ የተሻገረ አንድ ነገር ብቻ ነበር። የኖይሊን ክንድ ነው፤ በእንቅልፏ ዘርግታዋለች። ከብብት ጀምሮ በነጩ መካከል ይሄድና የእጅ አንጓው ላይ ቀጥ ይላል። መዳፏ ክሬም ስለነበረበት ምንም አላተመም።

ክሊዮና ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«በክረምት እሑድ እሑድ የአባዬ ትከሻ እርጥብ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «መጀመሪያ ቤቱ የሚያፈስ መስሎኝ ነበር።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«እናንተ ለምን አልተናገራችሁም? … እንዲያ ተጠጋግታችሁ ስትቀመጡ ደስ ይለኝ ነበር፣ እማ።»

የታችኛው በር ተከፈተ። የወረቀት ከረጢት ተንኮሻኮሸ፣ ጉሮሮ ተጠረገ። «ወይ ወረፋ!» አለ ዶናል ከታች ሆኖ። «አገሩ ሁሉ ዳቦ አሁን ነው እንዴ የሚገዛው!» ደረጃውን እየወጣ ነው። ኖይሊን ብርድ ልብሱን ልትስብ ዘንበል አለች። ክሊዮና ጫፉን ያዘችው።

«ተይው።»

«ክሊዮና፣ ልጄ…»

«ተይው፣ ይየው።»

ዶናል ዳቦውን ታቅፎ በሩ ላይ ቆመ። ፈገግታውን ከደረጃው ይዞት ስለመጣ ወዲያው ሊያወርደው አልቻለም። ልጁን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ከዚያ አንሶላውን አየ፤ ክንዱን ከትከሻው ጀምሮ እስከሚያቆምበት ድረስ በዓይኑ ተከተለው። ሴቶች ያሉበት ክፍል ሲገባ እንደሚያደርገው ቆቡን አወለቀ። ግንባሩ ላይ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ በማታው ዝናብ ቆቡ ተጭኖ ባረፈበት ቦታ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ ነጭ መስመር ወጥቷል፤ ከመስመሩ በታች ጠይም የሙሽራ ቤተ ዘመድ፣ ከመስመሩ በላይ ዶናል። እሱ አላወቀም። ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ፣ ስለ ወረፋው የጀመረውን ሊጨርስ እንደሆነ ሁሉ።

ስለ ወረፋው ማንም አልጠየቀውም።